የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥትና የዘር እኩልነት፦ ባሕር ዳር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ውስጥ የሕገ መንግሥት ሕግ አስተምራለሁ። ፕሬዚዳንት ሲሪል ራማፎሳ በጥር 2017 ዓ.ም. አዲሱን መሬት የማስለቀቅ ሕግ ከፈረሙ ወዲህ ስለ ደቡብ አፍሪካ የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። ተማሪዎቼ ይጠይቃሉ። ጣና ዳር ቡና ስጠጣ ጎኔ የተቀመጠ ሰውም ይጠይቃል። መልሱን በየጊዜው ከመድገም አንድ ቦታ ላስቀምጠው ብዬ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችና ቀኖች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እኛ ቅኝ አልተገዛንም። የደቡብ አፍሪካ ጣጣ ምን አገባን?

ይህን ጥያቄ እናንተ ብቻ አይደላችሁም የጠየቃችሁት። ዘ ሄግ ያለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤትም ጠይቆናል።

በ1960 ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ደቡብ አፍሪካን እዚያ ከሰሷት። ጉዳዩ ዛሬ ናሚቢያ የምንላት ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ነበረች። ደቡብ አፍሪካ ግዛቲቱን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአደራ ተቀብላ አፓርታይድን እዚያም ዘረጋችው። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። በ1966 ዳኞቹ 7 ለ7 ተከፈሉና በፕሬዚዳንቱ ወሳኝ ድምፅ የእኛ ክስ ወደቀ። ምክንያቱ ምን ነበር? ከሳሾቹ በጉዳዩ ላይ የራሳቸው ሕጋዊ ጥቅም የላቸውም የሚል ነው። በአጭሩ «ምን አገባችሁ» ነው የተባልነው። ይኸው ፍርድ ቤት በ1971 በሰጠው የምክር አስተያየት ግን ደቡብ አፍሪካ ናሚቢያ ውስጥ መቆየቷ ሕገ ወጥ ነው ብሏል።

ኔልሰን ማንዴላም በ1962 አዲስ አበባ ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና ወስደዋል። እንግዲህ ከጉዳዩ ሩቅ አይደለንም።

አፓርታይድ ሕግ ነበር ወይስ ነጮቹ ዝም ብለው የሚያደርጉት ነገር?

ሕግ ነበር። ቁጥር ያለው፣ በፓርላማ የጸደቀ፣ በጋዜጣ የታወጀ ሕግ።

ብዙ ሰው ነገሩን ከ1948 ይጀምረዋል፤ አፓርታይድን ያወጀው ናሽናል ፓርቲ ምርጫ ያሸነፈበት ዓመት ነው። እኔ ከ1910 እንድትጀምሩ እመክራለሁ። በዚያ ዓመት 4 የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ተዋሕደው አንድ አገር ሆኑ። የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያጸደቀው የለንደን ፓርላማ ነው። ጥቁሩ በአብዛኛው ድምፅ አልነበረውም። 3 ዓመት እንዳለፈ፣ በሰኔ 1913፣ የአገሬው ተወላጆች የመሬት ሕግ ወጣ። ጥቁሮች መሬት ሊኖራቸው የሚችለው ከአገሪቱ 7 በመቶ በሚሆነው ክልል ውስጥ ብቻ ሆነ። በ1936 ወደ 13 በመቶ ገደማ ከፍ አለ። ሌላው ሁሉ የተገነባው በዚህ ላይ ነው። በ1950 ሰውን በዘር የሚመዘግብ ሕግና መኖሪያ ሰፈርን በዘር የሚከፍል ሕግ መጡ። በ1953 ለጥቁር ልጆች የተለየ ትምህርት ተደነገገ። መዝጋቢ ሹም የአንዱ ሰው ዘር ግራ ሲያጋባው እርሳስ ፀጉሩ ውስጥ ይሰካ ነበር፤ ከወደቀ አንድ ዘር፣ ካልወደቀ ሌላ። ይህን ክፍል ውስጥ ስናገር ተማሪ ይስቃል፤ ከዚያ ዝም ይላል።

ፍርድ ቤቶቹ ምን ይሠሩ ነበር?

ይህን ማንም ብዙ አይጠይቅም። መጠየቅ ግን ነበረበት።

በኬፕ ግዛት ክልሶቹ (አገሩ «ከለርድ» ይላቸዋል) ከነጮቹ ጋር በአንድ መዝገብ የመምረጥ መብት ነበራቸው። መብቱን ለመንጠቅ የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ 2/3ኛ ድምፅ ያስፈልግ ነበር። መንግሥት በ1951 በተራ ድምፅ ነጠቃቸው። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ1952 ሕጉን ሻረው። መንግሥት ምን አደረገ መሰላችሁ? ፓርላማውን ራሱን ከፍተኛ ፍርድ ቤት አድርጎ ሾመና ውሳኔውን በዚያ አስቀለበሰ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ይህንንም ሻረው። በዚህ ጊዜ መንግሥት የይግባኝ ዳኞቹን ቁጥር አበዛ። ሴኔቱንም ከ48 ወደ 89 አሳድጎ የራሱን ሰዎች ሞላበት። አሁን 2/3ኛው ሞላ። በ1956 ክልሶቹ ከመዝገቡ ወጡ፤ አዲሶቹ ዳኞች የተጨመሩበት ችሎትም «ሥርዓቱን ጠብቋል» አለ።

የ1996ቱ ሕገ መንግሥት የበላይነቱን ለፓርላማ ሳይሆን ለራሱ የሰጠው ይህንን ስለሚያስታውስ ነው። አርቃቂዎቹ አንድ ነገር ያውቁ ነበር፦ አፓርታይድን ያመጣው የሕግ እጦት አይደለም፤ ማንም የማያቆመው ሕግ አውጪ ነው።

ታዲያ «ሁሉም ሰው በሕግ ፊት እኩል ነው» ብሎ መጻፍ አይበቃም ነበር?

ተጽፏል። አንቀጽ 9 ንዑስ 1 ይለዋል። ግን እዚያ አላቆመም።

ነገሩን በጊዜ አስቡት። ሚያዝያ 27 ቀን 1994 የመጀመሪያው የሁሉም ዘር ምርጫ ተጀመረ። በማግሥቱ እርሻው፣ ቤቱ፣ ፋብሪካው፣ ዲግሪው በማን እጅ ነበር? ትናንት በነበረው እጅ። ሕጉ ዛሬ እኩል ቢሆን የተያዘው ንብረት እንደተያዘ ይቀጥላል። በ2017 የወጣው የመንግሥት የመሬት ቆጠራ በግለሰቦች ስም ከተያዘው የእርሻ መሬት 72 በመቶው የነጮች፣ 4 በመቶው የጥቁሮች ነው ብሏል። በ2022 ሕዝብ ቆጠራ ደግሞ ጥቁሮቹ 81 በመቶ፣ ነጮቹ 7 በመቶ ገደማ ናቸው።

ስለዚህ ንዑስ 2 መጣ። በአድልዎ የተጎዱትን ለማቋቋም ልዩ እርምጃ መውሰድ ይቻላል ይላል። ይህ የእኩልነት አካል እንጂ ከእኩልነት የተቀነሰ አይደለም። ንዑስ 3 መንግሥት በዘር፣ በጾታ፣ በሃይማኖት፣ በቋንቋና በሌሎችም ምክንያቶች አግባብ ያልሆነ አድልዎ እንዳያደርግ ይከለክላል። ንዑስ 5 ላይ አንድ ብልሃት አለ። በእነዚህ ምክንያቶች የተደረገ ልዩነት፣ አግባብ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ አግባብ እንዳልሆነ ይቆጠራል። የማስረዳቱን ሸክም ከተበዳዩ ትከሻ ያወርደዋል።

በተግባር እንዴት ይሠራል? አንድ ምሳሌ ስጠን።

የምወደው ምሳሌ የፕሪቶሪያው የመብራትና የውሃ ሂሳብ ነው። ትልልቅ ቃላት የሉበትም፤ የቢል ክርክር ነው።

ከአፓርታይድ በኋላ የነጮቹ የድሮ ፕሪቶሪያ፣ የጥቁሮቹ ማሜሎዲና አተሪጅቪል በአንድ ማዘጋጃ ቤት ሥር ሆኑ። በነጮቹ ሰፈር እያንዳንዱ ቤት ቆጣሪ አለው፤ በተጠቀመው ልክ ይከፍላል። በጥቁሮቹ ሰፈር ቆጣሪ አልተገጠመም። ስለዚህ ማዘጋጃ ቤቱ በየቤቱ ቁርጥ ሂሳብ ያስከፍል ነበር። እኛ ዘንድ ስድስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ሲኖር ግቢው ውስጥ የሚነሣውን ጭቅጭቅ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ይገባዋል። ማዘጋጃ ቤቱ ሌላም ነገር አደረገ። ዕዳ ያለባቸውን የነጭ ሰፈር ነዋሪዎች ይከስሳል፤ በጥቁሮቹ ሰፈር ያሉትን ግን ዝም ይላል። አንድ ነጭ ነዋሪ «እኔም ቁርጡን ነው የምከፍለው» ብሎ ሂሳቡን ያዘ። ጉዳዩ እስከ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤቱ ደረሰ። በ1998 ተወሰነ።

ማዘጋጃ ቤቱ «እኛ የለየነው ሰፈርን እንጂ ዘርን አይደለም» ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም። ሰፈሩን በዘር የከፈለው ሕግ ትናንት ነው የተነሣው፤ ሰፈር ማለት ዘር ማለት ነው። በተዘዋዋሪ የተደረገ አድልዎም አድልዎ ነው። ነጭም በዚህ አንቀጽ ይጠበቃል፤ ኪሱ ባይጎድልም በቁጥር ትንሽ ነውና።

ከዚያ ጥያቄውን ለሁለት ከፈለው። የቁርጥ ሂሳቡስ? ቆጣሪ እስኪገጠም ድረስ የሚቆይ ጊዜያዊ ነገር ነው። የሌለ ቆጣሪ አይነበብም። አግባብ ያልሆነ አድልዎ አይደለም። አንዱን ከስሶ ሌላውን መተውስ? ይህ በድብቅ የተሠራ፣ ምክር ቤቱ ያላጸደቀው፣ ለነዋሪውም ያልተነገረ አሠራር ነው። አግባብ አይደለም። ዋናውን ፍርድ የጻፉት የፍርድ ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ፒየስ ላንጋ ናቸው። ዳኛ አልቢ ሳክስ በሁለተኛው ነጥብ አልተስማሙም።

ሰውየው አሸነፈ ማለት ነው? አይደለም። አድልዎ ቢደረግብህም ሂሳብ መያዝ መፍትሔ አይሆንም፤ ፍርድ ቤት ሄደህ ማስቆም ነበረብህ ተባለ። ክፈል!

ይህን ፍርድ ለምን እንደምወደው ልናገር። «ተበዳይ ማን ነው» ብሎ አንዴ ጠይቆ አላበቃም። እያንዳንዱን ድርጊት ለየብቻው መዘነው። ያንኑ ማዘጋጃ ቤት በአንድ ፍርድ ውስጥ በአንዱ ነጥብ ደገፈው፣ በሌላው ወቀሰው። እኛ ስንከራከር ይህ ያቅተናል፤ ወይ ሙሉ በሙሉ ጻድቅ ወይ ሙሉ በሙሉ ኃጥእ እንፈልጋለን።

አፈርማቲቭ አክሽን (ለተጎዱት የሚደረግ የድጋፍ እርምጃ) የተገለበጠ ዘረኝነት አይደለም?

ፍርድ ቤቱ በ2004 የፓርላማ አባላትን ጡረታ በሚመለከት ጉዳይ መለኪያ አስቀመጠ። እርምጃው በአድልዎ የተጎዱትን የሚመለከት ይሁን፤ እነሱን ለማቋቋም የታቀደ ይሁን፤ እኩልነትን የሚያራምድ ይሁን። ሦስቱን ካሟላ አግባብ እንዳልሆነ አይገመትም።

በ2014 አንዲት ነጭ የፖሊስ መኮንን በቃለ መጠይቅ ቀድማ ሳለ ዕድገት የተከለከለችበት ጉዳይ ተወሰነ። በደረጃው ነጮች በዝተዋል በሚል ነው። ፍርድ ቤቱ ለፖሊስ ፈረደ። ከባድ ፍርድ ነው፤ ዳኞቹም በምክንያቱ አልተስማሙም። በ2016 ግን ወደ ሌላ በኩል አዘነበለ። የማረሚያ ቤቶች መሥሪያ ቤት በዌስተርን ኬፕ ክልስ ሠራተኞችን «ከአገር አቀፍ ድርሻችሁ በላይ ናችሁ» ብሎ ነበር። በዚያ ግዛት ግን ክልሶቹ ብዙ ናቸው። ፍርድ ቤቱ የአካባቢውን ስብጥርም ማየት አለብህ አለው።

እኛ ጋ አንቀጽ 35 ሴቶችን በድጋፍ እርምጃ ተጠቃሚ ያደርጋል። አንቀጽ 89 ደግሞ በእድገት ወደ ኋላ ለቀሩ ሕዝቦች ልዩ ድጋፍ ይላል። ስለዚህ ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከ2003 ወዲህ የጥቁሮች ኢኮኖሚያዊ ማብቃት የሚባለው ሥርዓት ለፖለቲካ ቅርብ የሆኑ ጥቂቶችን አበልጽጓል ተብሎ ይታማል፤ ሐሜቱም መሠረት አለው። በማዕድን ጉድጓድ የሚሠራው ሰው ልጅ ከዚህ ያገኘው ትንሽ ነው።

መሬቱን እንዳይመለስ ያሰረው ሕገ መንግሥቱ ነው ይባላል። እውነት ነው?

ግማሹ እውነት ነው፤ እኔን ከጠየቃችሁኝ ትንሹ ግማሽ።

አንቀጽ 25 የድርድር ውጤት ነው። ነጮቹ ንብረታችን ይጠበቅ አሉ፤ ነፃ አውጪዎቹ መሬቱ ይመለስ አሉ። ሁለቱም ገቡበት። ንብረት በካሳ ብቻ ይወሰዳል ይላል። ወዲያው የመሬት ማሻሻያ የሕዝብ ጥቅም ነው ይላል። ካሳው ሲሰላም አምስት ነገር ይታይ ይላል፦ መሬቱ አሁን የሚሰጠው አገልግሎት፣ እንዴት እንደተገኘ፣ የገበያ ዋጋው፣ መንግሥት ያወጣበት ድጎማና የሚወሰድበት ዓላማ። የገበያ ዋጋ ከአምስቱ አንዱ ብቻ ነው።

ታዲያ መንግሥት ለዓመታት የተከተለው «ፈቃደኛ ሻጭ፣ ፈቃደኛ ገዢ» የሚል ፖሊሲ ነው። ሻጩ ካልፈለገ የለም፤ ከፈለገም በገበያ ዋጋ። ይህ ቃል ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ብትፈልጉት አታገኙትም። 30 በመቶ የነጮች እርሻ በ5 ዓመት ይተላለፋል ተብሎ ነበር። ቀኑ ወደ 2014 ተገፋ። ያም አለፈ። በቀድሞው ፕሬዚዳንት ካሌማ ሞትላንቴ የተመራ ቡድን በ2017 ሪፖርት አወጣ። ዋናው እንቅፋት ካሳ የሚለው አንቀጽ አይደለም አለ፤ ሙስና፣ የቁርጠኝነት ማጣት፣ የአቅም ማነስ ነው። ለመሬት ማሻሻያ የሚመደበው ገንዘብ ከአገሪቱ በጀት 1 በመቶ እንኳ አይሞላም ነበር።

አንቀጹን ለመቀየር በ2021 ተሞከረ። 267 ድምፅ ያስፈልግ ነበር፤ 204 ተገኘ፤ ወደቀ።

ሌላ ብዙ የማይነሣ ገደብ አለ። መሬቴ ይመለስልኝ ብሎ መጠየቅ የሚችለው ከሰኔ 19 ቀን 1913 በኋላ የተነጠቀ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ጦርነቶች የተነጠቀው፣ በተለይ የኬፕ ቀደምት ሕዝቦች መሬት፣ በዚህ በር አይገባም። ለሌላው ሁሉ ያለው በር አጠቃላይ የመሬት ክፍፍሉ ነው፤ እሱም የሚሄደው በኤሊ ፍጥነት ነው።

በባሕር ዳር ዙሪያ ከተማው ሲሰፋ መሬታቸውን የለቀቁ ገበሬዎች አንድ ነገር ይጠይቁኛል፦ «እነሱ የመሬቱን ዋጋ ይከፈላሉ?» አዎ። የእነሱ መሬት የግል ነው። በእኛ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ካሳው የሚሰላው በላዩ ባለው ንብረትና በመፈናቀሉ ነው። ከእኛ ተነሥተው ደቡብ አፍሪካን የሚፈርዱ ሰዎች ይህን ልዩነት ይዘነጉታል።

አዲሱ ሕግ የነጮችን እርሻ በነፃ ይወስዳል?

በጅምላ አይወስድም። ያለ ካሳ ሊሆን የሚችለው በጠባብ ሁኔታ ነው፤ ለምሳሌ ባለቤቱ ትቶት የሄደ፣ ወይም ዋጋው እስኪጨምር ብቻ የተያዘ መሬት። ያም ቢሆን ፍትሐዊ መሆኑ ይመዘናል፤ ባለቤቱም ፍርድ ቤት ይሄዳል። በፌስቡክ የምታዩት ቪዲዮ ሌላ ነገር ነው።

እንደ ዚምባብዌ ይሆናሉ?

የተለየ መንገድ ነው። ዚምባብዌ በ1979 ለንደን ላይ በላንካስተር ሃውስ የተስማማችበት ሕገ መንግሥት ለ10 ዓመት የመሬት ባለቤቶችን አጥብቆ ጠበቀ። ከ100 የፓርላማ ወንበሮችም 20ው ለነጮች ተጠበቀ። ከ2000 ጀምሮ እርሻዎቹ በኃይል ተያዙ። በ2008 የደቡባዊ አፍሪካ ልማት ማኅበረሰብ ፍርድ ቤት ይህ የዘር አድልዎ ነው ብሎ ፈረደ፤ ብዙም ሳይቆይ አባል አገሮቹ ያንን ፍርድ ቤት ራሱን አገዱት። የደቡብ አፍሪካ ፍርድ ቤቶች እስካሁን ቆመዋል። ትልቁ ልዩነት እሱ ነው።

ይህ ሁሉ ለጣና ወይጦዎች ምን ይላል?

ጥንቃቄ የሚፈልግ ጥያቄ ነው። የወይጦ ማኅበረሰብ ጉዳይ እንደ አፓርታይድ በሕግ የታወጀ አይደለም። ቅኝ ገዢም አላመጣውም። ታንኳ እየሠሩ፣ ደንገል እያጨዱ፣ ዓሣ እያጠመዱ ከሐይቁ ጋር የኖሩ ሰዎች ናቸው። በድሮ ጊዜ ጉማሬ ይበላሉ ተብሎ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሯቸው አይበላም ነበር፤ ራሳቸው ሙስሊም መሆናቸው አልጠቀማቸውም። መጋባት የለም። ብዙዎቹ የእርሻ መሬት የላቸውም። በክልሉ ሕገ መንግሥት አዊ፣ ዋግ ኽምራና ኦሮሞ የራሳቸው አስተዳደር አላቸው፤ ወይጦ የለውም።

ከደቡብ አፍሪካ የምንማረው አንድ ነገር አለ፤ አንቀጽ 9 ንዑስ 4። አድልዎ የተከለከለው መንግሥትን ብቻ አይደለም፤ ማንኛውንም ሰው ነው። አከራይ፣ ቀጣሪ፣ ባለ ሱቅ፣ ጎረቤት። በ2000 የወጣ ዝርዝር ሕግ ደግሞ ተራዎቹ ፍርድ ቤቶች እንደ እኩልነት ፍርድ ቤት እንዲቀመጡ አደረገ። የተናቀ ሰው ያለ ጠበቃ ሄዶ ማመልከት ይችላል። የድሮውን የአፓርታይድ ባንዲራ ያለ በቂ ምክንያት ማውለብለብ የጥላቻ ንግግር ነው የተባለውም በ2019 እዚያ ነው።

የእኛ አንቀጽ 25 ሰፊ ነው፤ ዘርን፣ ማኅበራዊ አመጣጥን፣ ሌላ አቋምን ይጠቅሳል። ነገር ግን ወይጦን ቤት አላከራይም ያለን ጎረቤት የት ሄዶ፣ በየትኛው ቅጽ፣ ምን ዓይነት ካሳ ይጠየቃል? ይህን የሚመልስ ጠቅላላ የፀረ አድልዎ ሕግ የለንም። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የጠፋባችሁ ተማሪዎች፣ ይኸው።

የእኛ ዳኛ የደቡብ አፍሪካን ፍርድ መጥቀስ ይችላል?

ለማሳመኛ ይችላል፤ አያስገድደውም። የእኛ አንቀጽ 13 የመብት ድንጋጌዎች ኢትዮጵያ ከተቀበለቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች ጋር ተጣጥመው ይተርጎሙ ስለሚል፣ የሌላ አገር ፍርድ ያንኑ ስምምነት እንዴት እንደተረዳው ማሳየት ይጠቅማል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። እኛ ዘንድ የሕገ መንግሥት ክርክር የመጨረሻ ቃሉ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤው ደግሞ ጉዳዩን አጣርቶ ያዘጋጅለታል። የባሕር ዳር ጠበቃ የፕሪቶሪያውን ፍርድ ይዞ ሲሄድ የሚያናግረው ዳኛን ብቻ ሳይሆን የፖለቲካ ምክር ቤትንም ነው። ማመልከቻውን በዚያ ልክ ይጻፍ።